ጉልቻው ሲለወጥ፦ ሊቲየም በጠጣር ነገር ውስጥ መንገድ የሚያገኘው እንዴት ነው?



እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት ነገር ከማንኛችሁም ቤት አይጠፋም፤ አንድ ብርጭቆ ደረቅ ጨው ነው። ሁለት ሽቦዎች ተክዬበታለሁ፤ ሽቦዎቹ ከባትሪና ከአንዲት ትንሽ አምፖል ጋር ተያይዘዋል። እንደምታዩት አምፖሏ አልበራችም። አሁን ጥቂት ንጹሕ ውሃ ላፍስበትና በማንኪያ ላማስለው። ይኸው በራች። ውሃው ብቻውን ይህን አያደርግም፤ ባትሪውም አልተቀየረም። ጨዉ ውስጥ ታስረው የቆዩት መንቀሳቀስ ስለጀመሩ ነው።

የታሰሩት እነማን ናቸው? ጨው ከሶዲየምና ከክሎሪን የተሠራ ነው። ሶዲየሙ አንድ ኤሌክትሮን ለክሎሪኑ ስለሚሰጥ እሱ ፖዘቲቭ፣ ክሎሪኑ ኔጋቲቭ ይሆናል። እንዲህ ኤሌክትሮን የሰጠ ወይም የተቀበለ አቶም አዮን ይባላል። ከአፋር በግመል ተጭኖ የሚወጣውን አሞሌ ያየ ሰው ጨው ምን ያህል ድንጋይ እንደሆነ ያውቃል፤ ተፈልጦ፣ ተጠርቦና ተደርድሮ ይጫናል። ውስጡም እንደዚያው ነው። ፖዘቲቩ ከኔጋቲቩ ጎን፣ ኔጋቲቩ ከፖዘቲቩ ጎን በረድፍ ተደርድረው፣ እርስ በርስ ተሳስበው ተቀምጠዋል። ሁሉም ቦታውን ይዟል።

ከትምህርት ቤት ይዘን የወጣነው ይህንን ነው፤ ፈሳሽ ይፈሳል፣ ጠጣር ይቆማል። ዛሬ የመጣሁት ይህ ግማሽ እውነት መሆኑን ላሳያችሁ ነው። በእጅ ሲይዟቸው ድንጋይ የሆኑ፣ በውስጣቸው ግን አንድ ዓይነት አዮን እንደ ውሃ የሚመላለስባቸው ጠጣር ነገሮች አሉ። ግድግዳውና ጣሪያው ንቅንቅ ሳይል ነዋሪው ከክፍል ወደ ክፍል ይዘዋወራል። እዚህ ላይ ልታስታውሱልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአዮኑን ፍጥነት የሚወስነው የቤቱ አሠራር ነው። የነገው ባትሪ ተስፋም ችግርም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

(የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባትሪው ውስጥ የሚሄደው ማን ነው?

በኪሳችሁ ያለው ስልክ ባትሪ ሁለት ወገን አለው። ስልኩን ስትጠቀሙ የሊቲየም አዮኖች ከአንደኛው ወገን ተነሥተው በባትሪው ውስጥ ወደ ሌላኛው ይሻገራሉ። ኤሌክትሮኖቹ ግን በዚያ በኩል እንዳያልፉ ይከለከሉና በውጭ በሽቦው ዞረው ይመጣሉ። ስልካችሁን የሚያሠራው ይህ በውጭ የሚዞረው ኤሌክትሮን ነው። ቻርጅ ስታደርጉ ሁሉም ወደመጣበት ይመለሳል። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው፣ አዮንን የሚያሳልፍ ኤሌክትሮንን የሚከለክል ነገር ኤሌክትሮላይት ይባላል።

የሶኒ ኩባንያ በ1991 የመጀመሪያውን የሊቲየም አዮን ባትሪ ለገበያ ካቀረበበት ጊዜ ጀምሮ ይህ ኤሌክትሮላይት በአብዛኛው ፈሳሽ ነው፤ የሊቲየም ጨው የሟሟበት፣ እንደ ቤንዚን እሳት የሚይዘው ፈሳሽ። ባትሪ ሲጎዳ ወይም ከልክ በላይ ሲሞቅ የሚነደው በዋናነት እሱ ነው።

ፈሳሹን በጠጣር መተካት የምንፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። በዛሬው ባትሪ ኔጋቲቭ ወገን ሊቲየሙ የሚያርፈው ግራፋይት በሚባል የካርቦን ዓይነት ውስጥ ነው። አንድ ግራም ግራፋይት 372 ሚሊአምፔር ሰዓት ያህል ይይዛል። ግራፋይቱን ትተን ንጹሕ የሊቲየም ብረት ብናስቀምጥ አንዱ ግራም 3,860 ይይዛል፤ ከአሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው። ነገር ግን ሊቲየም በፈሳሽ ውስጥ ቻርጅ ሲደረግ ለስልሶ አይነጠፍም፤ እንደ መርፌ እየሾለ ያድግና ማዶ ይደርሳል፣ ሁለቱን ወገኖች ያገናኛል፣ ከዚያ እሳት ይነሣል። በመካከላቸው የማይነድና የማይበሳ ጠጣር ብናስቀምጥስ? ጥያቄው ይህ ነው። ያ ጠጣር ግን ሊቲየምን ማሳለፍ አለበት።

ሊቲየም ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም ቀጥሎ ሦስተኛው ንጥረ ነገር ነው። በ1817 ዮሐን ኦገስት አርፍቬድሰን የተባለ ስዊድናዊ ከድንጋይ ውስጥ አገኘው፤ ስሙም ድንጋይ ከሚለው የግሪክ ቃል መጣ። ከድንጋይ የወጣውን ዛሬ ተመልሰህ በድንጋይ ውስጥ እለፍ እያልነው ነው።

የቀለጠ የመሰለው ጠጣር

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሎንዶን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ማይክል ፋራዴይ በ1830ዎቹ ብርና ድኝ የተዋሃዱበትን ጠጣር፣ ቀጥሎም እርሳስና ፍሎሪን የተዋሃዱበትን ሌላ ጠጣር ሲያሞቅ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ሳይቀልጡ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ጀመሩ። ፋራዴይ በልጅነቱ የመጽሐፍ ጥረዛ ተለማማጅ ነበር፤ ሲጠርዛቸው ያነበባቸው መጻሕፍት ናቸው ወደ ሳይንስ የወሰዱት። ያየውን በትክክል ጻፈ። ምክንያቱ የታወቀው ግን ብዙ አሥርተ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

በ1914 ካርል ቱባንትና ሎሬንዝ የተባሉ ጀርመናውያን ብርና አዮዲን የተዋሃዱበትን ጠጣር መረመሩ። እስከ 147 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንደ ማንኛውም ጠጣር ነው። ከ147 ሲያልፍ ግን ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ በአንድ ጊዜ በብዙ ሺህ እጥፍ ያድጋል። ገና ጠጣር ነው፤ ለመቅለጥ ከ550 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ ሲቀልጥ የማሳለፍ አቅሙ ጥቂት መቀነሱ ነው። ጠጣሩ ከፈሳሹ ይበልጥ ያሳልፋል!

በ1930ዎቹ ይህ ጠጣር በራጅ ሲታይ ምሥጢሩ ወጣ። ከ147 ዲግሪ በላይ አዮዲኖቹ የአደራደር ስልታቸውን ይለውጣሉ። በእያንዳንዱ ሣጥን ስምንት ማዕዘናት ላይና በመሐሉ አንድ አንድ ሆነው ይቆማሉ። በዚህ አደራደር ለብሩ አዮኖች የሚሆኑ ክፍሎች ከነዋሪዎቹ ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ፤ ክፍሎቹም በቁመናቸው ተመሳሳይ ናቸው። አዮዲኖቹ ቤቱን ይዘው ይቆማሉ፤ ብሮቹ ግን ቤታቸው የትኛው እንደሆነ የማይለይ ነዋሪዎች ሆኑ። ይህን የሣጥን አደራደር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ገበጣ፣ ጉልቻና ታክሲ

አዮን በጠጣር ውስጥ ለማለፍ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ነው። ገበጣ የተጫወተ ያውቀዋል፤ ጠጠር ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ይሄዳል። እያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ጠጠር ብቻ የሚይዝ ቢሆንና ሁሉም ቢሞሉ ጨዋታ የለም። አንዱ ጉድጓድ ባዶ ሲሆን ግን ጎረቤቱ ይገባበታል፤ የጎረቤቱን ቦታ ደግሞ ሌላው ይወርሳል። በ1926 ሩሲያዊው ያኮቭ ፍሬንክል፣ በ1930 ደግሞ ጀርመናዊው ቫልተር ሾትኪ ይህን አስረዱ። ፍጹም የተደረደረ የሚመስል ክሪስታል ውስጥ ምንጊዜም ቦታውን የለቀቀ አዮንና ባዶ ቦታ አለ። ሙቀት ያለበት ሁሉ ጉድለት አለበት፤ መንገድ የሚከፈተውም በጉድለቱ በኩል ነው።

ሁለተኛው የበሩ ስፋት ነው። ሊቲየም ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ሲያልፍ በሦስት አቶሞች መካከል መሽሎክ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ኦክስጅን ወይም ሦስት ድኝ። ሦስት ጉልቻ አስቡ። ሊቲየሙ በሦስቱ ጉልቻዎች መሐል የሚያልፍ እንግዳ ነው። ጉልቻዎቹ ከተጠጋጉ ይጨንቀዋል፤ ለማለፍም ብዙ ጉልበት ይጠይቀዋል። ከተራራቁና ለስለስ ካሉ በቀላሉ ያልፋል። ኦክስጅን ትንሽና ደረቅ ጉልቻ ነው፤ ሊቲየሙንም አጥብቆ ይስበዋል። ድኝ ትልቅ ነው፤ ዙሪያውን ያለው የኤሌክትሮን ደመናም እንደ ትራስ እጥፍ ዘርጋ ይላል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላል ሰዉ። በዚህ ሙያ ግን ጉልቻው ሲለወጥ ሁሉም ነገር ይለወጣል።

ሦስተኛው የጎረቤት ግፊት ነው። ሚኒባስ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ሰው ሲጨመር ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል። ማንም ተነሥቶ በሰው ላይ አይረማመድም፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል፤ በአንድ ጫፍ አንዱ ሲገባ የሌላኛው ጫፍ ሰው ወደ በሩ ይገፋል። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ይፌይ ሞና ባልደረቦቹ በ2017 ባወጡት ጥናት በምርጦቹ ጠጣሮች ውስጥ ሊቲየሞች እንዲህ ተያይዘው እንደሚንቀሳቀሱ በኮምፒውተር ስሌት አሳዩ። ሊቲየሙ ሲበዛ አንዳንዱ የማይመች ቦታ ላይ ለመቀመጥ ይገደዳል። ምቹ ቦታ ላይ ያለው አቀበቱን ሲወጣ፣ የማይመቸው ቦታ ላይ የነበረው ቁልቁለቱን ይወርዳል። የወራጁ ጉልበት ለወጪው ይሆናል። ብቻውን ቢሆን የሚከብደው አቀበት በጋራ ሲወጣ ይቀላል።

አንዲትን አዮን እንከተል

አሁን ወደ አንዲት የሊቲየም አዮን ጠጋ እንበልና በግምት እናስላ።

በክፍሏ ውስጥ ዝም ብላ አትቀመጥም፤ ሙቀት ያንቀጠቅጣታል። በአንድ ሰከንድ 10 ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ወደ ግድግዳው ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። እያንዳንዷ ወደ በሩ የምታደርገው ጉዞ ሙከራ ናት። በሩ ላይ ያለው አቀበት 0.3 ኤሌክትሮን ቮልት (በአቶም ደረጃ የጉልበት መለኪያ ነው) ቢሆን፣ በዚህ አዳራሽ ሙቀት ከ100,000 ሙከራ አንዱ ያህል ይሳካል። ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ሆኖም ሙከራው ብዙ ስለሆነ በሰከንድ 100 ሚሊዮን ጊዜ ክፍል ትቀይራለች።

አንዱ ዝላይ 0.3 ናኖሜትር ያህል ነው። 100 ሚሊዮን ዝላይ ሲደመር 3 ሴንቲሜትር ይሆናል። ነገር ግን አዮኗ አቅጣጫ አታውቅም፤ ወደፊት ትሄዳለች፣ ወደኋላ ትመለሳለች፣ ወደ ጎን ትላለች። 3 ሴንቲሜትር ስትንከራተት ውላ ከተነሣችበት የምትርቀው 3 ማይክሮሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከአንድ የፀጉር ውፍረት በብዙ ያነሰ። 30 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው የኤሌክትሮላይት ንጣፍ ማዶ ለመድረስ 100 ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። ባትሪው ሥራ ላይ ሲሆን ቮልቴጁ የገበጣውን ገበታ በጥቂቱ ያዘነብለዋል፤ ዝላዩ ሁሉ ያው ሆኖ ወደ አንድ ወገን የሚያደላው በጥቂት ይበልጣል። የባትሪ ኃይል የምንለው ይህች ጥቂት ማድላት ናት።

አሁን በሩን እናጥብበው። አቀበቱ 0.3 መሆኑ ቀርቶ 0.6 ይሁን፤ እጥፍ ብቻ። እጥፍ ጊዜ የሚፈጅባት ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። የሚሳካው ሙከራ ከ10 ቢሊዮን አንዱ ይሆናል። በሰከንድ 100 ሚሊዮን ጊዜ ትዘል የነበረችው አሁን የምትዘለው 1,000 ጊዜ ነው። ያንኑ 30 ማይክሮሜትር ለመሻገር 100 ሰከንድ የነበረው አራት ወር ገደማ ይሆናል። የበሩ አቀበት በእጥፍ ሲያድግ ስልካችሁን ቻርጅ ለማድረግ ከመስከረም እስከ ጥር መጠበቅ አለባችሁ ማለት ነው። ተመራማሪዎች ለአንድ አሥረኛ ኤሌክትሮን ቮልት ዓመታት የሚደክሙት ለዚህ ነው።

ቀርፋፋውም ሕይወት አድኗል

ቀርፋፋ አዮን ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የልብ ምት ማስተካከያ የሚባለውን በደረት ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ ታውቁ ይሆናል። በ1960ዎቹ ባትሪው የሜርኩሪና የዚንክ ነበር፤ ሁለት ዓመት ገደማ ሠርቶ ያልቃል፤ ሕመምተኛው እንደገና ይቀደዳል። ማስተካከያውን በመፈልሰፍ የሚታወቀው አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊልሰን ግሬትባች ወደ ሊቲየምና አዮዲን ባትሪ ዞረ፤ በ1972 ጣሊያን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ደረት ውስጥ ተቀበረ።

ይህ ባትሪ ሲሠራ ማንም ኤሌክትሮላይት አይጨምርበትም። ሊቲየሙ አዮዲኑን ሲነካ በመካከላቸው ቀጭን ጠጣር ንጣፍ ራሱ ይፈጠራል፤ ንጣፉ ሊቲየምን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሮንን ይከለክላል። ቢሰነጠቅ እንኳ ስንጥቁ ውስጥ ሊቲየምና አዮዲን ይገናኙና አዲስ ንጣፍ ሠርተው ይደፍኑታል። እንደ ቁስል ራሱን ይፈውሳል። አዮን የማሳለፍ አቅሙ ከፈሳሽ ኤሌክትሮላይት 100,000 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ልብ ግን የሚጠይቀው የአምፔርን ሚሊዮንኛ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ያ ቀርፋፋ ሊቲየም ለረጅም ዓመታት ያለ ቀዶ ጥገና ልብን አሠርቷል። ጠጣር ባትሪ ሊሠራ መቻሉን የሰው ልጅ በደረቱ ውስጥ ካረጋገጠ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። መኪና የሚያንቀሳቅስ ሲሆን ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ መኪና ቶሎ የሚሮጥ ሊቲየም ይፈልጋል።

ቤቱን የሠሩ ሰዎች

በ1976 በአሜሪካ ሊንከን ላቦራቶሪ ጆን ጉድኢናፍና ሄንሪ ሆንግ አንድ ሐሳብ አመጡ። ጥሩ ጠጣር እስኪገጥመን ከመጠበቅ በሁሉም አቅጣጫ የሚያሳልፍ ቤት አስበን እንሥራ አሉ። ከዚርኮኒየም፣ ከሲሊከን፣ ከፎስፈረስና ከኦክስጅን ጽኑ አጽም ሠርተው በውስጡ ሶዲየም የሚመላለስበት ዋሻ ተዉ። ጉድኢናፍ በ2019 በ97 ዓመቱ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው በሌላ የባትሪ ሥራው ቢሆንም፣ ቤቱን አስቀድሞ የማቀድ ልማድ የዚያ ዘመን ውርስ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ በጀርመን አገር በኪል ዩኒቨርሲቲ የሆነ ነው። በ2007 ራማስዋሚ ሙሩጋን፣ ቬንካታራማን ታንጋዱራይና ቨርነር ቬፕነር ሊቲየም፣ ላንታነም፣ ዚርኮኒየምና ኦክስጅን ያለበት ጋርኔት የተባለ የድንጋይ ዓይነት ሠሩ። እንደ ሸክላ ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሚተኮስ፣ ከሊቲየም ብረት ጋር ሲነካካ በቀላሉ የማይበላሽ ጠጣር ነው፤ ሊቲየምንም በደንብ ያሳልፋል። ሌሎች ያንኑ ሲሠሩ ግን አንዳንድ ጊዜ አቅሙ መቶ እጥፍ ያህል ያነሰ ሆኖ ይወጣል። ቀመሩ ያው ነው፤ ልዩነቱ ከየት መጣ?

መልሱ የተገኘው በድስቱ ውስጥ ነው። ዱቄቱ የተተኮሰበት ድስት ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን የተሠራ ነበር። በእሳቱ ውስጥ ጥቂት አሉሚኒየም ከድስቱ ወጥቶ ወደ ዱቄቱ ገባ። አንድ አሉሚኒየም የሦስት ሊቲየም ፖዘቲቭነት አለው፤ ስለዚህ ሦስት ሊቲየም ወጥተው አንድ አሉሚኒየም በአንዱ ቦታ ሲገባ ሁለት ቦታ ባዶ ይቀራል። አሉሚኒየም ካልገባ ሊቲየሞቹ ሲቀዘቅዙ እያንዳንዳቸው ቋሚ ቦታ ይዘው ይደረደራሉ፤ ገበጣው ይሞላል። አሉሚኒየም ሲገባ ሥርዓቱ ይፈርሳል፣ ባዶ ቦታው ይበዛል፣ መንገዱ ይከፈታል። ማንም ሳያስበው ድስቱ ወጡን አጣፈጠው። ዛሬ አሉሚኒየሙ ተመዝኖ ሆን ተብሎ ይጨመራል።

ሦስተኛው ታሪክ የጃፓን ነው። የቶኪዮ ቴክኖሎጂ ተቋሙ ሪዮጂ ካኖና ባልደረቦቹ በ2011 ኦክስጅንን በድኝ ተክተው፣ ከጀርመኒየምና ከፎስፈረስ ጋር አዋሕደው አንድ ጠጣር ሠሩ። በክፍል ሙቀት አዮን የማሳለፍ አቅሙ በሴንቲሜትር 12 ሚሊሲመንስ ሆነ። በስልካችን ያለው ፈሳሽ 10 ገደማ ነው። ጠጣሩ ፈሳሹን ደረሰበት፣ አለፈውም። በ2016 ደግሞ ከቶዮታ ተመራማሪዎች ጋር ውዱን ጀርመኒየም ትተው ሲሊከንና ጥቂት ክሎሪን በመጠቀም 25 ደረሱ። ይህ ብቻም አይደለም። በፈሳሹ ውስጥ ከሊቲየሙ ጋር ኔጋቲቩ አጋሩም ይንቀሳቀሳል፤ ከጉዞው የሊቲየም ድርሻ ከግማሽ በታች ነው። በጠጣሩ ውስጥ ግን የሚጓዘው ሊቲየም ብቻ ነው።

በዚህ ሥራ ሊቲየም የት እንደተቀመጠ ማወቅ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ራጅ የሚያየው ኤሌክትሮንን ነው፤ የሊቲየም አዮን ያለው ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ስለሆነ ከከባዶቹ ጎረቤቶቹ መካከል አይታይም። ስለዚህ ጠጣሩን ወደ ኒውትሮን ምንጭ ይወስዱታል። ኒውትሮን ኤሌክትሮኑን ትቶ እንብርቱን ስለሚመታ ትንሹም ይታያል። የካኖ ቡድን የሊቲየሙን መንገድ ያየው በዚህ ነው።

በ2015 በአሜሪካ ገርብራንድ ሴደርና ባልደረቦቹ ድንቅ የሚያሳልፉ ጠጣሮች የጋራ መልክ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ድኞቹ እንዴት እንደተደረደሩ ሲያዩ ያገኙት በሣጥን ማዕዘናትና በመሐሉ የሚቆም አደራደር ነው፤ በልባችሁ ያዙልኝ ያልኩት የብርና የአዮዲን ቤት! በዚህ አደራደር ሊቲየም የሚያርፍበት ክፍል ሁሉ በአራት ድኝ የተከበበ ነው፤ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ የሚሻገረውም በሦስት ጉልቻ በር በቀጥታ ነው። በሌሎች አደራደሮች ግን በየመካከሉ በስድስት የተከበበ ሌላ ዓይነት ክፍል አለ፤ እዚያ ለመግባትና ለመውጣት አቀበትና ቁልቁለት ይኖራል። ክፍሎቹ እኩል ሲሆኑ መንገዱ ሜዳ ይሆናል። በ1930ዎቹ የታየው ምሥጢር በ2015 መመሪያ ሆነ።

ከክሪስታል ውጭም መንገድ አለ። ፈረንሳዊው ሚሼል አርማን በ1978 ፕላስቲክ ኤሌክትሮላይት ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በዚያ ውስጥ ረጃጅም ሰንሰለቶች ሲወዛወዙ ሊቲየሙን እጅ ለእጅ ይቀባበሉታል። ሰንሰለቱ ሲቀዘቅዝ ግን ስለሚደርቅ ባትሪው 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ከ2011 እስከ 2018 በፓሪስ ጎዳናዎች ለሕዝብ ይከራዩ የነበሩት ብሉካር የተባሉ መኪናዎች የሚሄዱት በዚህ ዓይነት ባትሪ ነበር።

ታዲያ ለምን በእጃችን አልገባም?

አዮኑ በክሪስታሉ ውስጥ መሮጡ ተረጋግጧል። ችግሩ ያለው በድንበሩ ላይ ነው።

የምንሠራበት ጠጣር አንድ ወጥ ክሪስታል አይደለም፤ ተጨፍልቆ የተያያዘ ዱቄት ነው። የእያንዳንዱ ቅንጣት መንገድ ከጎረቤቱ መንገድ ጋር ላይገጥም ይችላል። አዮኗ በቅንጣቱ ውስጥ ስትፈስ መጥታ ድንበሩ ላይ ትቆማለች። የድኙ ጠጣር ለስላሳ ስለሆነ ያለ እሳት ሲጨፈለቅ ይያያዛል፤ ነገር ግን የአየር እርጥበት ሲነካው የበሰበሰ እንቁላል የሚሸትና መርዛማ ጋዝ ይለቃል። የኦክስጅኑ ጠጣር አየሩን ይበልጥ ይችላል፤ ሆኖም እንደ ሸክላ በብዙ እሳት መተኮስ አለበት፣ ይሰበራልም።

ሌላው የመነካካት ነገር ነው። ፈሳሽ ወደ እያንዳንዱ ቀዳዳ ይገባል። ሁለት ድንጋይ ሲደራረብ ግን የሚነካካው እዚህም እዚያም ነው። ባትሪው ቻርጅ ሲደረግና ሲጨርስ ወገኖቹ ያብጣሉ፣ ይሟሽሻሉ፤ በዚህ መሐል መነካካቱ ይላላል። ስለዚህ ብዙዎቹ ጠጣር ባትሪዎች በከባድ ግፊት ተጨምቀው መያዝ አለባቸው።

የመጨረሻው ሁላችንንም ያስደነቀ ነው። በ2005 ቻርልስ ሞንሮና ጆን ኒውማን በስሌት፣ በቂ ጥንካሬ ያለው ጠጣር የሊቲየምን መርፌ ያግዳል አሉ። ሊቲየም በቢላ የሚቆረጥ ለስላሳ ብረት ነው፤ እንደ ሴራሚክ ያለ ድንጋይ ይበሳል ብሎ ማን ያስባል? ይበሳል። ገጹ ላይ ያለች ጥቃቅን ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ ቻርጅ በተደረገ ቁጥር ይጨመርባታል፤ ግፊቱም ስንጥቋን ያራዝማታል። የዋርካ ሥር ድንጋይ ሲሰነጥቅ ያየ ሰው ይህ አይገርመውም። ሥሩ ከድንጋዩ አይጠነክርም፤ ባገኘው ስንጥቅ በትዕግሥት ያድጋል። ዛሬ ብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚታገሉት ከዚህች ስንጥቅ ጋር ነው።

ለእኛ ምናችን ነው?

ይህ ትምህርት የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከለከለች፤ ባትሪ የመንገዳችን ጉዳይ ሆኗል። በጉጂ ዞን በቀንጢቻ ያለው ድንጋይ ለዓመታት የታወቀው በታንታለሙ ነው፤ በውስጡ ግን ሊቲየም ያለው ማዕድንም አለ። ድንጋይ መቆፈር አንድ ነገር ነው፤ ድንጋዩ ውስጥ አቶም እንዴት እንደሚያልፍ ማወቅ ሌላ ነው። ድንጋይ የያዘ ሁሉ ባትሪ የለውም። በዛሬው ንግግር ስማቸውን ያነሣሁት ሰዎች አገኙ የምንላቸው ማዕድን ስለነበራቸው አይደለም፤ ይህ ለምን አለፈ፣ ያኛው ለምን ቆመ ብለው ስለጠየቁ ነው።

ስለዚህ ንግግሬን ለመምህራን በምላት አንዲት ቃል ልቋጭ። ነገ ክፍል ስትገቡ አንድ ብርጭቆ ጨው፣ ሁለት ሽቦ፣ አንድ ባትሪና አንዲት ትንሽ አምፖል ይዛችሁ ግቡ። ልጆቹ ደረቁን ይዩ፤ ከዚያ ውሃውን አፍስሱ። አምፖሏ ስትበራ ከኋላ ወንበር እጁን የሚያወጣ አንድ ልጅ አይጠፋም። «ውሃ ሳይኖር ማብራት አይቻልም ወይ?» ይላችኋል። አይቻልም ብላችሁ አታስቀምጡት። ይቻላል በሉት፤ ቤቱ በደንብ ከተሠራ ይቻላል።